ፍርስራሹ ከተጠረገ በኋላ ማን ቆየ?

አምስት ሺህ ቶን መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ። በ1988 መጨረሻ አርመንያ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ ከዓለም ዙሪያ ተጭኖ የደረሰላት ቢያንስ ይህን ያህል ነው፤ ዋጋውም በጊዜው 55 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። (በዚህ ጽሑፍ “ዓ.ም.” ያልተባለባቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጆች ናቸው።) ካርቶኑን እየከፈቱ ምን እንደ መጣ ለመለየት ብቻ 50 ሰዎች ስድስት ወር ሠርተዋል። ስምንት በመቶው የአገልግሎት ጊዜው ያለፈ፣ አራት በመቶው በብርድ የተበላሸ ሆኖ ተገኘ። ከቀረውም ምንነቱ በቀላሉ የታወቀው 30 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር። የብዙው እሽግ ላይ የሰፈረው የየፋብሪካው የንግድ ስም ስለ ነበር፣ የአገሬው ሐኪም እጁ የገባው መድኃኒት ለምን እንደሚሆን ለማወቅ ይቸገር ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ1996 ስለ መድኃኒት ልገሳ መመሪያ ሲያወጣ፣ እንዲህ እንዳይደገም ብሎ ከጠቀሳቸው ታሪኮች አንዱ ይኸው የአርመንያው ነው።

ይህን ማስቀደሜ ሰጪዎቹን ለመውቀስ አይደለም። ልጁ ፍርስራሽ ውስጥ ቀርቶ እንደሆነ ያላወቀ ዘመድ ቤቱ ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ቢልክ ማን ይፈርድበታል? በዚያ ክረምት ከቤይሩት፣ ከአሌፖ፣ ከማርሴይ፣ ከፓሪስ፣ ከቦስተንና ከሎስ አንጀለስ የተንቀሳቀሰው የአርመን ዲያስፖራ የሰጠው ከአቅሙ በላይ ነው። ሆኖም ከሰጠው ሁሉ እስከ ዛሬ በአገሩ ላይ የሚታየው፣ ሰጪው ራሱ አብሮት የቆየው ነው። የተላከው አለቀ ወይም ተበላሸ፤ የተተከለው ግን ቆመ። በውጭ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያንም ለአገራችን በየጊዜው የምናዋጣ ሰዎች ነንና፣ የእነሱን ሠላሳ ምናምን ዓመት ደህና አድርጎ ማየት ይጠቅመናል ብዬ አምናለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 28

ቀኑ ኅዳር 28 ቀን 1981 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 7 ቀን 1988። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ረፋድ ላይ 5 ሰዓት ከ41 ደቂቃ። ተማሪው ክፍል ውስጥ፣ ሠራተኛው ፋብሪካ ውስጥ፣ በሽተኛው ሆስፒታል ውስጥ በሚገኝበት ሰዓት መሬቱ በ6.8 መጠን ተንቀጠቀጠ። ከአራት ደቂቃ ያህል በኋላ በ5.8 መጠን የመጣው ተከታይ መንቀጥቀጥ፣ ከመጀመሪያው የተረፉትን የተሰነጠቁ ሕንፃዎች አወረዳቸው። ስፒታክ የምትባለው ከተማ ሙሉ በሙሉ ልትባል በምትችል ሁኔታ ጠፋች። ሌኒናካን (የዛሬዋ ጊዩምሪ)፣ ኪሮቫካን (የዛሬዋ ቫናዞር) እና ስቴፓናቫን ክፉኛ ተጎዱ። የሞቱት ቢያንስ 25 ሺህ ናቸው። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው በዚያ በረዷማ ወር ያለ ቤት ቀረ።

በዓለም ላይ ይህን ያህል መጠን ያለው መንቀጥቀጥ በየዓመቱ ደጋግሞ የሚያጋጥም ነው፤ ይህን ያህል ሰው ሲገድል ግን ብዙ ጊዜ አይታይም። የገደለው ሕንፃው ነው። በሌኒናካን በብሬዥኔቭ ዘመን የተሠሩት ባለ ዘጠኝ ፎቅ መኖሪያዎች፣ ምሰሶና ወለላቸው ፋብሪካ ውስጥ ተመርቶ ቦታው ላይ የሚገጣጠም ነበር። ምሰሶው ከወለሉ፣ ወለሉ ከግድግዳው የሚያያዝበት መገጣጠሚያ ደካማ ስለ ነበር፣ መሬቱ ሲወዛወዝ ፎቁ ሁሉ አንዱ ባንዱ ላይ ተነጠፈ። ከእነዚህ ሕንፃዎች የሚበዙት እዚያው ፈረሱ፤ ከቀሩትም አብዛኞቹ ለኑሮ የማይሆኑ ሆነው በኋላ እንዲፈርሱ ተደረገ። ከተማዋ ያረፈችው ለስላሳ የሐይቅ ደለል ላይ ስለሆነ መንቀጥቀጡ ጎልቶ ተሰማ። የሶቪየት የግንባታ ደንብም ለአካባቢው የገመተው አደጋ በዕለቱ ከደረሰው በእጅጉ ያነሰ ነበር። በዚያው ከተማ በትላልቅ የኮንክሪት ፓነል የተገጣጠሙት ሕንፃዎች ግን ባብዛኛው ቆመዋል፤ በጥቁር ድንጋይ የተሠሩት የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ዝቅተኛ ቤቶችም ከዘመናዊዎቹ ፎቆች የተሻለ ቻሉት። አንዱ መንደር ሲተርፍ ሌላው የጠፋው በምሕንድስና ምክንያት ነው፤ ይህን መርሳት ሙታኑን መበደል ይመስለኛል።

ሚካኢል ጎርባቾቭ በዚያው ዕለት ኒው ዮርክ ነበሩ፤ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ንግግር ባደረጉበት ቀን መርዶው ደረሳቸው። ጉብኝታቸውን አቋርጠው ተመለሱ። ከዚያ የሆነው ለብዙ አሥርት ዓመታት ያልታየ ነገር ነው፤ ሞስኮ በሯን ከፈተች። የአሜሪካ መንግሥት ለሶቪየት ኅብረት ይፋዊ ዕርዳታ ሲሰጥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ከመቶ በላይ አገሮች ሰው፣ ውሻ፣ ድንኳንና ማሽን ላኩ። የየሬቫን አውሮፕላን ማረፊያ ይህን ሁሉ ለማስተናገድ የተሠራ አልነበረም። ለዕርዳታው ሲበሩ ሁለት አውሮፕላኖች ተከሰከሱ፤ አንደኛው ወታደሮች ጭኖ ወደ ሌኒናካን ሲሄድ የነበረ የሶቪየት ኢሊዩሺን፣ ሌላው በማግስቱ ከዩጎዝላቪያ ዕርዳታ ይዞ የመጣ አንቶኖቭ ነው።

ክሬኑ ዘገየ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰው ኮንክሪቱን በእጁ ነበር የሚያነሣው። በሕይወት ከወጡትም ብዙዎቹ እግርና እጃቸው ለሰዓታት ተጨፍልቆ ስለ ቆየ ኩላሊታቸው መሥራት አቆመ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የኩላሊት ሕክምና አስፈለጋቸው። የኩላሊት እጥበት መሣሪያ የያዙ የውጭ ሐኪሞች የገቡት ለዚህ ነው። ዓለም አቀፉ የኩላሊት ሐኪሞች ማኅበር ለአደጋ ጊዜ የሚሰማራ ቡድን ያቋቋመው ከዚህ በኋላ ነው። ዛሬ በየትኛውም አገር መሬት ሲንቀጠቀጥ የእጥበት መሣሪያ ከሚጫኑት ዕቃዎች አንዱ የሆነው በአርመንያ በተገኘው ትምህርት ነው።

ቀድመው የተደራጁ ሰዎች

አርመኖች በዓለም የተበተኑት በተለይ ከ1915ቱ የዘር ማጥፋት በኋላ ነው። በደረሱበት ሁሉ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ ማኅበር አቋቋሙ። የአርመን አጠቃላይ በጎ አድራጎት ኅብረት የተመሠረተው በ1906 በካይሮ ነው፤ የአርመን ዕርዳታ ማኅበር ደግሞ በ1910 በኒው ዮርክ። እነዚህ ድርጅቶች የመሬት መንቀጥቀጡ ሲደርስ የሰባና የሰማንያ ዓመት ልምድ፣ የአባላት መዝገብ፣ የባንክ ሒሳብ፣ በየከተማው የታወቀ አዳራሽና ሰው የሚያምናቸው ሽማግሌዎች ነበሯቸው። የዲሴምበር 8 ጠዋት ስልኩ የት እንደሚደወል ማንም መጠየቅ አላስፈለገውም።

ይህን ወገን እኛም በቅርብ እናውቀዋለን። ልዑል አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ሄደው በአርመን ፓትርያርክ ገዳም ያገኟቸውን አርባ ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ አምጥተዋል። “አርባ ልጆች” የተባሉት የነሐስ ሙዚቃ ተጫዋቾች እነዚህ ናቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። አራት ኪሎ አጠገብ ያለው አርመን ሰፈር እና የአርመኖቹ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን የዚያ ኑሮ ምስክሮች ናቸው። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ንብረት ሲወረስ ከኢትዮጵያ አርመኖች የሚበዙት ወደ አሜሪካና ካናዳ እንደ ገና ተሰደዱ።

አንድ ነገር ግን መካድ አይገባም፤ ይህ የተደራጀ ሕዝብ እርስ በርሱ የተከፋፈለ ነበር። ሶቪየት አርመንያን እንደ አገር የሚቀበሉና የማይቀበሉ ፓርቲዎች በየከተማው ጎራ ለይተው ይኖሩ ነበር። በ1933 በኒው ዮርክ አንድ ሊቀ ጳጳስ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተገድለው የአሜሪካ አርመን ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ተከፈለች። ከ1956 ወዲህ በአርመንያ የኤጭሚያዚን መንበርና በሊባኖስ የአንቴልያስ መንበር ሥልጣን ይሻሙ ነበር። አንዱ መንደር ውስጥ ሁለት ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለት ጋዜጣ፣ ሁለት የስፖርት ክለብ ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ ወደ ሶቪየት አርመንያ እንዲመለሱ ተጠርተው ከሄዱት ከ90 ሺህ በላይ ዲያስፖራዎች መካከል ወደ ሳይቤሪያ የተጋዙ ስለ ነበሩ፣ “አገር ቤት” የሚለው ስም ለብዙዎች የሚናፈቅም የሚያስፈራም ነበር።

የሁለቱ መንበሮች መሪዎች፣ ካቶሊኮሶቹ፣ በአንድ ጉባኤ ላይ አብረው ከተቀመጡባቸው ጥቂት ጊዜያት አንዱ የተከሰተው በእኛው አዲስ አበባ ነው፤ ጥር 1957 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የአኃት አብያተ ክርስቲያናትን አባቶች ሲሰበስቡ የኤጭሚያዚኑ ቫዝገን ቀዳማዊና የአንቴልያሱ ኮሬን ቀዳማዊ ሁለቱም መጥተው ነበር። ሃያ አራት ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ አገራቸው ስትፈርስ፣ በመንበር ላይ የነበሩት እኒያው ካቶሊኮስ ቫዝገን ናቸው።

መንቀጥቀጡ ጠቡን አላጠፋውም። አብሮ መሥራትን ግን ግዴታ አደረገው። በ1989 በአሜሪካ ተቀናቃኞቹ ድርጅቶች፣ ሁለቱን ሀገረ ስብከቶች ጨምሮ፣ ዕርዳታን በአንድነት የሚያጓጉዝ “የተባበረው የአርመን ፈንድ” የተባለ ድርጅት አቋቋሙ። ከዋና ደጋፊዎቹ አንዱ በፍሬስኖ ካሊፎርኒያ ከአርመን ስደተኞች የተወለዱት ባለሀብት ከርክ ከርኮሪያን ነበሩ። አንድ ድርጅት ብቻውን በየጊዜው አውሮፕላን መከራየት ይከብደው ነበር፤ ሁሉም ሲያዋጣ ግን ጭነት በየጊዜው መሄድ ቻለ። የአንቴልያሱ ካቶሊኮስ ካረኪን ከቫዝገን ሞት በኋላ፣ በ1995፣ ለኤጭሚያዚን መንበር ተመረጡ። ከመንቀጥቀጡ በፊት ይህ ይሆናል ብሎ የሚገምት ብዙ ሰው አልነበረም።

በፈረንሳይ ዋናው ድምፅ ሻርል አዝናቩር ነበር። በፓሪስ ከአርመን ስደተኞች የተወለደው ዘፋኝ በ1989 ከ80 በላይ የፈረንሳይ አርቲስቶችን ሰብስቦ ለአርመንያ አንድ ዘፈን አስቀረጸ፤ ዘፈኑ በፈረንሳይ ሽያጭ አንደኛ ሆነ፣ ገቢውም ለተጎጂዎች ዋለ። መንገዱ አዲስ አልነበረም፤ አራት ዓመት ቀደም ብሎ የፈረንሳይ ዘፋኞች በተመሳሳይ መንገድ ተሰባስበው ለእኛው ረሃብ ዘፍነዋል። አዝናቩርን የሚለየው ከዘፈኑ በኋላ ያደረገው ነው። በስሙ የሚጠራ ድርጅት አቋቁሞ ለዓመታት ተመላለሰ፤ በኋላም የአርመንያ አምባሳደር ሆኖ አገለገለ። ጊዩምሪ ሐውልቱን ያቆመችለት በሕይወት እያለ ነው።

ሁለት ዓመት የተባለው ቤት

ጎርባቾቭ ከተሞቹ በሁለት ዓመት እንደሚገነቡ ቃል ገቡ። ከየሶቪየት ሪፐብሊኩ ግንበኛና ማሽን መጣ፤ መሠረት ተቆፈረ፣ ምሰሶ ቆመ። እስኪያልቅ ድረስ ሰዉ የሚኖርበት ጊዜያዊ መጠለያ ተከፋፈለ፤ ከፊሉ የብረት ኮንቴይነር፣ ከፊሉ የእንጨት ጎጆ ነው። “ዶሚክ” ይሉታል።

በ1991 ሶቪየት ኅብረት ፈረሰ። ግንበኞቹ ወደየአገራቸው ተመለሱ። ምሰሶው ላይ የቀረው ሕንፃና የቆመው ክሬን እንዳለ ቀረ። አርመንያና አዘርባጃን ይወዛገቡበት በነበረው በናጎርኖ ካራባኽ ጦርነት ተቀጣጠለ፣ አዘርባጃን የባቡሩን መስመር ዘጋች፣ ቱርክ በ1993 ድንበሯን ቆለፈች። የሜትሳሞር የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ከመንቀጥቀጡ በኋላ ለደኅንነት ሲባል በ1989 ተዘግቶ ስለ ነበር፣ አገሪቱ በክረምት በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ መብራት ታገኝ ጀመር። ሰው መንገድ ዳር ያለውን ዛፍ ቆርጦ ማገዶ አደረገ። ማመንጫው እንደ ገና የተከፈተው በ1995 ነው። በመንቀጥቀጡ ወቅት ከ200 ሺህ በላይ ነዋሪ የነበራት ጊዩምሪ ዛሬ ወደ 110 ሺህ ገደማ ወርዳለች፤ ሌላው ሰው ወደ ሩሲያና ወደ ሌላ አገር ሄደ። ያ ስደት ደግሞ አዲስ ዲያስፖራ ፈጠረ። ለሁለት ዓመት የተባለው ዶሚክ ውስጥ የተወለዱ ልጆች እዚያው አድገው ወላጆች ሆኑ። አደጋው ሠላሳ ዓመት ሲሞላው እንኳ ከዶሚክ ያልወጡ ቤተሰቦች በሺዎች ይቆጠሩ ነበር።

የዲያስፖራው እውነተኛ ፈተና ይህ ነበር። በፍርስራሹ ሳምንት ቴሌቪዥን የከተማዋን ስም በየሰዓቱ ይጠራል፤ ገንዘብ ይመጣል። በአምስተኛው ዓመት ካሜራው የለም። ያን ጊዜ የሚሰጠው ቀድሞ የለመደ፣ መዝገብ ያለው፣ ሰው የመደበ ድርጅት ብቻ ነው። ከርኮሪያን ያቋቋሙት የሊንሲ ፋውንዴሽን በ2000ዎቹ በጊዩምሪ፣ በስፒታክ፣ በቫናዞርና በገጠሩ መኖሪያ ቤቶች አሠራ። ይህ የሆነው ከመንቀጥቀጡ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ በሶቪየት ጊዜ ቃል የተገባው ቤት በአንድ የስደተኛ ልጅ ገንዘብ ተሠራ ማለት ነው። ዛፍ የመትከሉ ሥራም እንዲሁ፤ ማገዶ ሆኖ ያለቀውን ደን ለመመለስ ከ1994 ጀምሮ የሚሠራው ድርጅት የተመሠረተው በዲያስፖራ ሰዎች ነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የመሐንዲሶቹ ነገር ነው። ሕንፃዎቹ ለምን እንደ ፈረሱ ለማጥናት ከአሜሪካ ከመጡት መካከል የአርመን ተወላጅ ፕሮፌሰሮች ነበሩ፤ በበርክሌይ ያስተምሩ የነበሩት አርመን ዴር ኪዩሬጊያን እና በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ሚህራን አግባቢያን ይገኙበታል። ያዩት የኮንክሪት ጉድለት የአንድ ፋብሪካ ጥፋት ብቻ እንዳልሆነ ገባቸው። ችግሩ የሚመረምር፣ የሚጠይቅ፣ ደንብ የሚያሻሽል ባለሙያ ማጣት ነበር። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ለመክፈት ተነሡ። የአርመንያ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በሴፕቴምበር 21 ቀን 1991 ተከፈተ፤ ሕዝቡ ስለ ነፃነት ድምፅ የሰጠበት ያው ቀን ነው። ከመጀመሪያዎቹ የትምህርት ክፍሎች አንዱ የመሬት መንቀጥቀጥ ምሕንድስና ነበር። አግባቢያን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በካይሮ የተመሠረተው የበጎ አድራጎት ኅብረትም ደጋፊ ሆነ። መብራት በሌለበት፣ ጦርነት ባለበት፣ ማሞቂያ በማይሠራበት ክረምት ትምህርቱ አልተቋረጠም። ዛሬም ያስተምራል።

ገንዘቡን ማን ይጠብቀዋል?

በ1992 ፕሬዚዳንት ሌቮን ቴር ፔትሮስያን “ሃያስታን” የተባለውን የመላው አርመኖች ፈንድ በአዋጅ አቋቋሙ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየዓመቱ በአሜሪካ የምስጋና በዓል ዕለት ከሎስ አንጀለስ ቴሌቶን ያካሂዳል። መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ የውኃ መስመር፣ ጤና ጣቢያ ሠርቷል። ዲያስፖራውን ከመንግሥት ጋር በአንድ ሰሌዳ ላይ ያገናኘ በመሆኑ ኃይሉም ድክመቱም ከዚያው ይመነጫል።

በ2018 የፈንዱ ዋና ዳይሬክተር ከድርጅቱ ገንዘብ ለግል ጥቅም አውለዋል ተብለው ተይዘው ከኃላፊነት ለቀቁ። በ2020 የካራባኽ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ዲያስፖራው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ 170 ሚሊዮን ዶላር አዋጣ፤ ከዚያ ውስጥ ከ100 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው ወደ መንግሥት በጀት መተላለፉ ሲሰማ ግን ብዙ ሰጪ ተቆጣ። ሰጪዎቹ የሰጡት ለተፈናቀለ ሰው እንደሆነ ያምኑ ነበር። መንግሥት ወጪው ለዚያው ነው አለ። ክርክሩ ከሕግ ይልቅ የእምነት ጉዳይ ነው። ከሎስ አንጀለስ አሥር ዶላር የሚልክ ሰው የመንግሥት በጀት ሰነድ አያነብም፤ የሚያምነው ስሙን የሚያውቀውን ሰው ነው። ፈንዱ እንዲህ ሲጎዳ የሚጎዱት የሚቀጥለው አደጋ ሰለባዎች ናቸው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ስልክ ሲደወል የሚያነሣው ሰው ያንሳል።

ይህን ስጽፍ የራሳችን እድር ይታወሰኛል። ኢትዮጵያዊ በዋሽንግተን፣ በሎንዶን፣ በቤይሩትም ሆነ በጅዳ ሰው ሲሞትበት አስከሬን ወደ አገር ለመላክ በሁለትና በሦስት ቀን የሚሰበስበው ገንዘብ የሚያስገርም ነው። ገንዘቡ የሚሰበሰበው ሁሉም ሰው ማን እንደያዘው፣ ለማን እንደሚደርስ፣ መቼ እንደሚያልቅ ስለሚያውቅ ነው። የእድር ጉልበቱ ሰው ሳይሞትበት በየወሩ መዋጮ መክፈሉ ነው። ወገን በብዛት ሲፈናቀል፣ ከተማ ሲፈርስ፣ ድርቅ ሲገባ ግን ይህን ልማድ ትተን እንደ አዲስ እንጀምራለን፤ አዲስ ኮሚቴ፣ አዲስ የባንክ ሒሳብ፣ አዲስ ጥርጣሬ። በ2010 ዓ.ም. በቀን አንድ ዶላር ተብሎ የተጀመረው የዲያስፖራ ትረስት ፈንድ ብዙ ተስፋ ይዞ ነበር፤ ሰዉ የሚያነሣው ጥያቄም ሁልጊዜ ያው ነው፤ ማን ይይዘዋል፣ ለማን ይደርሳል፣ ሒሳቡ የት ይታያል?

ፈንታሌ

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬቱ ለወራት ተንቀጥቅጧል። በየካቲት መጠኑ 6.0 የደረሰ መንቀጥቀጥ ተመዝግቧል። በአፋርና በኦሮሚያ ከ80 ሺህ በላይ ሰዎች ከአደጋው ቀጠና እንዲወጡ ተወሰነ፤ የሚበዙት አርብቶ አደሮች ናቸው፤ ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ድንኳን ገቡ። በዚያው አካባቢ ያለው የከሰም ግድብ ነገር ብዙ ሰው አሳሰበ። አዲስ አበባ ላይ በረጃጅም ፎቆች የሚኖሩ ሰዎች መብራታቸው ሲወዛወዝ ሌሊት ወደ ደጅ ወጡ።

ስምጥ ሸለቆ ላይ መኖራችን ዛሬ የታወቀ ነገር አይደለም። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። ዛሬ ካራቆሬን በሚያክል መጠን ቢመጣ የሚያገኘው የያኔውን የጭቃና የእንጨት ቤት አይደለም፤ ያለ ቁጥጥር የተሠራ ፎቅ ነው። ሌኒናካን በትክክል ይህን ነበረች፤ በፍጥነት ያደገች፣ ደንብ ያላት፣ ደንቡ ግን አደጋውን አሳንሶ የገመተላት፣ ግንባታውም ደንቡን ያላከበረ።

በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የግንባታ ኮድ፣ የመሬት መንቀጥቀጥን የሚመለከተው ክፍል፣ እንዲከለስ በጽሑፍ የሞገቱ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምሩ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ነበሩ። አዲሱ ኮድ በ2015 መጣ። የዴር ኪዩሬጊያንና የአግባቢያን ዓይነት ሰዎች እኛም አሉን ማለት ነው፤ ያጣነው ከኋላቸው የሚቆም ዘላቂ ማኅበር ነው።

እንደ ፈንታሌው ላለ ተፈናቃይ ውኃ፣ ድንኳንና የከብት መኖ መላክ አስቸኳይ ነው፤ ይላክ። በሰሜን አሜሪካ፣ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው ያሉ ማኅበራት ግን ከዚህ የተለየ አንድ ሥራ ቢጀምሩ እመኛለሁ፤ በየዓመቱ የተወሰነ ገንዘብ መድበው፣ ሒሳቡን በአማርኛ ለአባላት እያሳዩ፣ በአዲስ አበባ፣ በአዳማና በመተሐራ ያሉ ትምህርት ቤቶችና ሆስፒታሎች መንቀጥቀጥ መቋቋማቸውን መሐንዲሶች እንዲመረምሩ ማድረግ። ደካማ ሆኖ የተገኘው ትምህርት ቤት በስሙ ይታወቅ፤ ማጠናከሪያው የሚጠይቀው ፌሮና ኮንክሪት ይገመት፤ ወጪውን የሚሸፍነው ማኅበርም በስሙ ይታወቅ። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት እስኪጠናከር ሁለት ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ለዚያ ቴሌቶን አይበቃም፤ የሚያስፈልገው በየወሩ የሚከፈል መዋጮ ነው።